ቡፌ ውስጥ የተቆለፈበት ቫልቭ

እኛ ሰዎች ከአዲስ ዕቃ ጋር ምን እንዳጣላን እስካሁን አልገባኝም። ጓጉተን እንገዛዋለን፤ ከገዛነው በኋላ እንፈራዋለን። ሶፋ ይገዛል፣ ላስቲኩ ሳይነሳ ዓመታት ያልፋሉ፤ እንግዳ ተቀምጦበት ሲነሳ ሱሪው ተጣብቆ ይንጫጫል። ብርድ ልብስ ይገዛል፤ እኛ በደብረ ማርቆስ ብርድ ስንንቀጠቀጥ እሱ ሣጥን ውስጥ ሞቆት ይተኛል። የብርጭቆውንማ ነገር ተዉት! እኛ በጣሳ ስንጠጣ ቡፌ ውስጥ ሆኖ ያየናል።

ይህ በሽታ ከሳሎን የማይወጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጋራዥም ገብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ የምትጠጣ አንዲት አሮጌ ደብል ጋቢና መኪና አለችኝ። በቅርቡ ታመመችብኝ። ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ስታይ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ከኋላዋ የምትለቀው ጥቁር ጭስ ደግሞ ለጉድ ነው። በገበያው በኩል ሳልፍ ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው የሚሉኝን እናቴ ባትሰማው ይሻላል። መካኒኬ ባይለየኝ ኮፈኑን ከፍቶ ሲጎረጉር ቆየና ኢጂአር ቫልቭ የሚባለው ነገር እንደተበላሸ ነገረኝ። እሱ ደግሞ ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ አየሩ እንዳይበከል ተብሎ ሞተሩ ከሚተፋው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ በር ነው አለኝ። በሩ በጥላሸት ተይዞ አልዘጋ ስላለ መኪናዬ የገዛ ጭሷን ያለ ልክ እየዋጠች ትታፈናለች። እስቲ አሁን የተፉትን መልሶ መዋጥ የማን ብልሃት ነው? ግን ምን ይደረግ፣ የሠራው ሰው እንዲህ ካለ አለ ነው። ባይለየኝ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ «ጋሼ፣ አዲስ ይግዙ» አለኝ። ገዛሁ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ አፈላልጎ በአውቶቡስ ላከልኝ።

ቫልቩን ለባይለየኝ በእጁ አስረከብኩት። በማግስቱ መኪናዋ ድና መጣች፤ መንቀጥቀጥ የለ፣ ጭስ የለ። ከፈልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ጭራሽ መረቅኩት። ምርቃቴን መልሼ መቀበል ብችል ዛሬውኑ እቀበለው ነበር!

ከዚያ የታናሽ ወንድሜ የደረጀ ጉዳይ መጣ። ደረጀና አንዲት የሮብ ገበያ ከተማ ልጅ ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ እሺ ለማለት የቀሩት አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፣ ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው ደግሞ ደጃቸውን ዳግም አይረግጥም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ካልመጣ ለሌላው ጠያቂ ቃሌን እሰጣለሁ ብለው ላኩብን። ደረጀ እህል አልቀምስ አለ። እኔ የቤቱ ታላቅ፣ ባለመኪናው፣ ሽማግሌዎቹን በሰዓቱ አደርሳቸዋለሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹን ይዤ ወጣሁ። ዋናው ሽማግሌ ቄስ ጥሩነህ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ የሁሉም ጋቢ ታጥቦ ነጥቷል። ዳገቱ እንደጀመረ መኪናዋ አስነጠሰች፤ ከዚያ ያ የማውቀው ጥቁር ጭስ ተከተለ። ማርሽ ብቀይርላት፣ ነዳጅ ብሰጣት፣ ወይ ፍንክች! ሽማግሌዎቹ እንግፋ ብለው ወረዱ። ኧረ በእግዜር ይተዉ ብል ማን ሰምቶኝ! እነሱ ከኋላ ሲገፉ እኔ ነዳጁን ስረግጠው የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ያላትን ጥላሸት በሙሉ ጋቢያቸው ላይ ተፋችው።

በንዴት ለባይለየኝ ደወልኩና ይሄ ነው ወይ አዲሱ ቫልቭህ ብዬ ጮህኩበት። እሱ እቴ፣ ምንም ሳይመስለው፣ «ኧረ ጋሼ፣ አዲሱማ ምን ይሆናል? አልገጠምኩትም እኮ» አይለኝ መሰላችሁ! አሮጌውን ሲያጥበው ስለሠራለት፣ ያን የሚያብረቀርቅ ዕቃ ጥላሸት ማስነካቱ አንጀቱን በልቶት፣ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብሎ ለባለቤቴ ለወርቄ ሰጥቷት ኖሯል። ሽማግሌ ጭኖ ዳገት ላይ ከመቆም ሌላ ክፉ ቀን የታለ? ወርቄ ጋ ደወልኩ። ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ መሃል እንዳስቀመጠችው፣ ሰው እንዳይነካው ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ እንዳሰረችው በኩራት ነገረችኝ። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «ብነግርህማ ትገጥመው የለ?» አለችኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ! ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ገዝቶ፣ ሲያምር ብሎ ሳይውጠው የሚያስቀምጥ በሽተኛ አይታችኋል? እኔ ግን ከሽማግሌዎቹም ፍርድ አላገኘሁም። ቄስ ጥሩነህ ጥላሸት የነካውን ጢማቸውን እየጠረጉ፣ ሌላ መካኒክ ቢሆን አዲሱን ሸጦ ይበላብህ ነበር፣ ይሄ የተባረከ ልጅ ነው አሉኝ። ይባስ ብለው መልሼ ደውዬ ይቅርታ አስጠየቁኝ። ለወንድሜ ያመጣሁት ሽምግልና መንገድ ላይ ለመካኒኬ ዋለ። ባይለየኝም ይቅር ብሎኛል፤ ምን ቸገረው!

መኪናዋን ጥለን፣ ድንች ሊጭን በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለን ሮብ ገበያ ስንደርስ ቅዳሴ ካለቀ ቆይቷል። መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ሳይቀመጡ ቆሙ። መሪጌታ ጋቢዎቹን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ከሰል ስትቸረችሩ ነው የዋላችሁት አሉ። ቄስ ጥሩነህ ጎማ ፈነዳ ቢሉ ምን ነበረበት? የለም፣ እውነቱን አንድ ሳያስቀሩ ዘረገፉት። ቫልቩን፣ ቡፌውን፣ የወርቄን አንገት፣ ሁሉን! ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የወንድሜ ነገር አበቃለት ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

መሪጌታ ግን፣ «አንዲት ብረት እንኳ አዲስ ናት ብለው እንዲህ ሳስተው የሚይዙ ሰዎች ልጄንማ እንዴት አድርገው ሊይዟት ነው?» አሉና ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አሏቸው። ተቀመጡ ማለት ሰጠኋችሁ ማለት ነው! ልጅቱ ቡፌ ውስጥ እንደማትቆለፍ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለደረጀ ስል ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ቤት እንደገባች ወርቄን ቁልፉን አምጪ፣ ቫልቩ ነገ ይገጠማል አልኳት። ምን ነካህ አለችኝ። ለካ መሪጌታ ከሠርጉ በፊት ቤታችንን ሊጠይቁ እንደሚመጡ፣ መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉትም ያን ዕቃ እንደሆነ ቄስ ጥሩነህ ደውለው ነግረዋታል፤ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል ብለው አስጠንቅቀዋል። ይኸው መኪናዬ ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ እኔ በባጃጅ እመላለሳለሁ። ወርቄ ደግሞ ትናንት ለቫልቩ ከሥሩ ዳንቴል አነጠፈችለት።