ሞተር የሚያጠፋ ማዳመጫ

ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል ይላሉ። የእኔ ተገላቢጦሽ ሆነና ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጆሮዬ እንደ አዲስ ሥራ ጀመረ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የተማሪ ጫጫታ ችዬ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ በር ሲጢጥ ባለ ቁጥር ቀኔ ይበላሻል። እናንተም ዕድሜ ይስጣችሁና ትደርሱበታላችሁ። ያኔ ጸጥታ እንደ መድኃኒት ከሱቅ ይፈለጋል።

ቤቴ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ከአንድ የናፍጣ ወፍጮ ቤት ጀርባ። መብራት እንደ ልብ ስለማይገኝ ባለወፍጮው ሞተሩን ጧት ያስነሳና እስኪመሽ አያጠፋውም። በገበያ ቀንማ የገጠሩ እህል ስለሚጎርፍ ግድግዳዬ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። እንዳልከሰው፣ የእኔንም ጤፍ የሚፈጭልኝ እሱ ነው።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ምሬቴን ሰምታ ሰምታ ሲሰለቻት፣ "አባዬ፣ ድምፅ የሚያጠፋ የጆሮ ማዳመጫ አለኮ፤ ገመድ የለው፣ ምን የለው። ርካሹም ይሠራል" አለችኝ።

ሄድኩ። ባለሱቁ የደብር ዲያቆን ነው፤ ጧት ቀድሶ ከሰዓት ቻርጀር ይሸጣል። ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱም የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ። እኔ ደግሞ መምረጥ የሚባል ነገር አይሆንልኝም፤ ጫማ ስገዛ እንኳ ምስክር ይዤ ነው የምሄደው። ነጩን ሰካሁ፣ ጥቁሩን ሰካሁ፣ ተመልሼ ነጩን። በመጨረሻ "ወፍጮው ዘንድ ወስጄ ካልሞከርኳቸው አልገዛም" አልኩ። ዲያቆኑ ምስኪን ነው፤ ሱቁን ቆልፎ ተከተለኝ። ወፍጮው ደጃፍ ቆመን እሱ ሲሰካልኝ፣ እኔ ስነቅል፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች "ምን አገኘው፣ ጆሮውን ታሞ ነው?" እያሉ አዘኑልኝ።

"ልዩነታቸው ይኸው ነው፤" አለኝ ዲያቆኑ። "ነጩ ጆሮ ይደፍናል። መዝሙር ከፍ አድርገው ከከፈቱበት ሰው አጠገብዎ ቢጮህም አይሰሙም። ጥቁሩ የሞተሩን ጉርምርምታ ነው የሚያጠፋው። የሰው ድምፅ ግን ያሳልፋል።"

"የሰው ድምፅ ምን በደለኝ!" ብዬ ጥቁሩን ገዛሁ። ይህችን ንግግሬን በጣም ወደድኳት፤ እስከ ቤቴ ድረስ እየደጋገምኳት ሄድኩ።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። አንጓች ትባላለች። የእሷን ጓዳና የእኔን መኝታ ቤት የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። አምና አንድያ ልጇ ሙሉቀን መኪና ተገልብጦ ሞተባት። ተዝካሩ አልፎም ለቅሶዋ አልቆም ሲል፣ እኛ የእድር ሽማግሌዎች እንደ ወጋችን ተሰብስበን ሄድንና ከሏን አስወለቅናት። ተናጋሪው እኔ ነበርኩ፤ መምህር አይደለሁ! "አንጓች፣ በቃሽ። ከዚህ በላይ ማልቀስ ፈጣሪን ማስቀየም ነው። ጎረቤትም ይረበሻል" አልኳት። "እሺ፣ መምህር" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንባዋን ያየ የለም። ሰፈሩ "አንጓች በረታች" አለ፤ እኔም ቃሌ ይሠራል ብዬ ኮራሁ።

ማዳመጫውን በገዛሁ ማግስት ከቁርስ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና መጽሐፍ ገልጬ ጥቁሩን ሰካሁት። ሞተሩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። በስንት ዓመቴ! ደስታዬ ግን አንድ ገጽ አልዘለቀም። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ያወራል።

"ሙሉዬ፣ ብርድ ልብስህን ዛሬ አጠብኩልህ። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ይደርቅ ይሆን?"

ከዚያ ለቅሶው መጣ። አፍ በነጠላ ታፍኖ የሚለቀስ ዓይነት አልነበረም፤ እንደ ቀብሩ ዕለት፣ አፍ ሞልቶ ነው። ማዳመጫውን ነቀልኩት፤ ወፍጮው ብቻ። መልሼ ሰካሁት፤ ለቅሶዋ አለ። ለካ ሴትዮዋ በየቀኑ ሞተሩ እስኪነሳ ትጠብቅ ኖሯል። እኔ ጧት ማታ የምረግመው ጩኸት እሷን ከእኔ ሲሸሽጋት ከርሟል። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ቆይታ ከፈተችልኝ፤ ፊቷን በችኮላ ታጥባ ውሃው ከአገጯ ይንጠባጠባል። ጤና ይስጥልኝም፣ ይግቡም አላለችኝ።

"መምህር፣ ወፍጮው ቆመ እንዴ?"

"አልቆመም፤ ይኸው ይጮሃል።"

"ታዲያ እንዴት ሰሙኝ?"

ከጆሮዬ አውጥቼ መዳፌ ላይ አሳየኋትና ሥራውን አስረዳኋት። ጎንበስ ብላ አየችው፤ አልነካችውም። እኔ ያን ቀን የተናገርኩትን ልመልሰው፣ "አልቅሺ እንጂ፣ ማንን ፈርተሽ ነው" ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ከሰፈራችን ይህ ነገር ሌላ ሰው ዘንድ አለ?"

"ያለ አይመስለኝም።"

በረጅሙ ተነፈሰች።

"ተመስገን። እንግዲያ እርስዎም አያድርጉት" አለችኝና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።