በእኔ ስም የሚገቡ ሰዎች

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚል አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሶዶ በሚባል የመጋዘን ሰፈር ውስጥ፣ የኔትዎርክ ባለሙያ ሆኜ በሠራሁበት ጤፍና በርበሬ በሚያከፋፍል መጋዘን ገጥሞኛል። ኔትዎርኩን ማን እንደነካካው የሚመዘግብ ሎግ ሳዘጋጅ፣ ለየሠራተኛው የራሱን መግቢያ ልስጥ አልኩ።

አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ተቆጡ። «ይሄማ መጠራጠር ነው! ሁሉም በእርስዎ ስም ይግባ፣ እትዬ።»

ምሳ ከአንድ ትሪ የምንበላበት ዘመን ነበርና እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። ያ ምሳ ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ሰዎቹን ግን እንጃ።

አንድ ቀን ኔትዎርኩ ተበላሽቶ ሥራው ሁሉ ቆመ። እኔ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፌን ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤ ሎጉ ግን ጥፋተኛዋ እኔ መሆኔን አሳየ። አሰናበቱኝ።

በቀደም ፌደራል ዌይ የሚባለው ጎረቤት ከተማ ሰርግ ላይ ጋሽ ታደሰን አገኘኋቸውና «አሁንስ ስሜን ከሲስተሙ አጥፉልኝ» አልኳቸው።

ደነገጡ። «እንዴ እትዬ! ታዲያ ሲበላሽ ማን አበላሸው እንበል?»