ከደረጃው ሥር ያሉት ታሪክ ጸሐፊ

በየመሥሪያ ቤቱ «እንደምን አደሩ?» ሲባል መልሱን ከሠላሳ ዓመት በፊት የሚጀምር አንድ ሰው አይጠፋም። እኔ በማጸዳው ምክር ቤት እኚህ ሰው ክቡር ታሪክ ጸሐፊያችን ነበሩ። ቢሯቸው ከደረጃው ሥር ነው፤ መስኮት የለውም።

ባልዲዬን ኮሪደሩ ላይ ሳስቀምጥ ብቅ ይላሉ።

«እህቴ፣ በሁለተኛው የምክር ቤት ዘመን ተቃዋሚዎቹ ስብሰባ ረግጠው የወጡት በዚህ በር ነው።»

«ታዲያ ባልዲዬ ምን አደረጋቸው፣ ጋሼ?»

«ምንም። ግን ይታወቅ!»

እሳቸው ሻይ ክበብ ሲገቡ የተከበሩ የምክር ቤት አባላት ያልጮኸ ስልክ ያነሳሉ። ጥበቃው እንኳ ከሩቅ ሲያያቸው የጫማውን ክር ይፈታና እንደገና ያስራል። እሳቸው ግን ሻያቸውን ብቻቸውን ጠጥተው፣ ለባዶው ወንበር ሁሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይወጣሉ።

ለአዲስ ተመራጮች የምክር ቤቱን ታሪክ የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ አዲሱ ኃላፊ «ጋሼ፣ አሥር አድማጭ ካልተገኘ ክፍሉን እንዘጋዋለን» አላቸው።

አዳራሹ ውስጥ አርባ ወንበር ደረደርን። ሰዓቱ ደረሰ፤ አለፈ። ማንም አልመጣም። መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ ከኋላ ተቀመጥኩ።

«ወደ ፊት ይቅረቡ» አሉኝ፣ ልክ እንደ ተመራጭ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ።

ሲጨርሱ የአድማጮች መመዝገቢያ ቅጹን አወጡ።

«አሥር ብለው ይሙሉት፣ ጋሼ። ማን መጥቶ ይቆጥራል?»

«እህቴ፣ እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ጨምሬ አላውቅም» አሉና ጻፉ።

ሰኞ እሳቸው ተሰናበቱ፤ ከደረጃው ሥር ያለው ክፍላቸውም የተበላሹ ማተሚያዎች መጋዘን ሆነ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ላይ እፎይ ብያለሁ፤ ሥራዬን በጊዜ እጨርስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ባልዲዬን ከዚያ በር ፈቀቅ ሳደርግ ጥበቃው አየኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ተቃዋሚዎቹ የወጡት በዚህ ነው።»

«የትኞቹ?»

«እኔ እንጃ። ግን ይታወቅ!»

«ወይ ጉድ! ተጋባብሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

ትናንት ኃላፊው የክፍሉን ወረቀት ሰብስቤ እንድጥል አዘዘኝ። ያ ቅጽ ከላይ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ንባቤ ዝግ ያለ ነው። ማተሚያው ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

«ወንበር፦ አርባ። አድማጭ፦ አንድ። በመሃል ጥቂት አንቀላፍተዋል፤ እስከ መጨረሻው ግን ቆይተዋል።»

እዚህ ቤት ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መድከሜን ያየ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።