ለምን «ድንኳን» እንደተባልን ዛሬ ተነገረኝ፤ ያውም በላይቭ!

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «በቃ ስልክሽን ሽጪና ገዳም ግቢ» ትሉኛላችሁ።

ልንገራችሁ ወይስ ይቅር?

እሺ እነግራችኋለሁ። ላይቩን ያያችሁ ግን እባካችሁ ኮመንት ላይ ቀድማችሁ አትዘርግፉት!

አዲስ ለሆናችሁ፣ እኔ የ«ድንኳን» ደጋፊ ነኝ። አዎ፣ ድንኳን የእግር ኳስ ቡድን ነው። የአዘዞ ልጆች ቡድን፤ እናቴ ሕፃን ሳለች የተቋቋመ።

ስሙ መከራችን ነው። ሜዳ ስንገባ የተቃራኒ ደጋፊ «ዛሬ ለቅሶው ማን ቤት ነው?» እያለ ይጮሃል። ጎል ሲገባብንማ «ነፍስ ይማር!»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኛ ለምደነዋል።

ተጫዋቾቹ ግን አልለመዱትም። አምበላችን ዳዊት «ይሄ ስም ይቀየርልን» አለ። ያመጣው አዲስ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ኤርፖርት ሲቲ»! አዘዞ ኤርፖርት ስላለ! ደጋፊውም ግማሹ ተስማማ። ለዛሬ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራና ድምፅ ሊሰጥበት ሆነ።

እኔ በዚህ ስም ስጮህ ነው ያደግሁት። ስሙ ከሚጠፋ ጸጉሬን ብላጭ ይሻለኛል።

ስለዚህ እዚሁ ገጼ ላይ ታሪክ ጻፍኩ።

ታስታውሱታላችሁ አይደል? ንጉሡ ግንብ ከማሠራታቸው በፊት አዘዞ ላይ በድንኳን ሰፈሩ፤ ድንኳኑን የጠበቁት የኛ ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ቡድኑም ስሙን ከዚያ ወሰደ የሚለው። ሼር በሼር አደረጋችሁት። አንዱ ከአይከል «እንባዬ መጣ» ብሎ ጻፈልኝ።

ምንጩስ? አትሉኝም?

ምንጩ እኔ ነኝ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው የመጣልኝ። ደግሞ ያምራል እኮ! መልሼ ሳነበው እኔ ራሴ አመንኩት።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ቀሚሴን ለብሼ፣ ስልኬን ውሃ ኮዳ ላይ አስደግፌ፣ ላይቭ ከፍቼ፣ በፕሮጀክተር ግንቡን እያሳየሁ ተናገርኩ። «ይህን ስም መቀየር ታሪክን መሸጥ ነው!» አልኩ። ጭብጨባ! እናቴ ከፊት ተቀምጣ ግራ ቀኝ ታያለች፤ የኔ ልጅ ናት ዓይነት።

በዚያው ባበቃ!

የኔታ ተነሡ። የኔታን ለማታውቁ፣ የድጓ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ግን የድንኳን ግራ ክንፍ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የተጠሩት ስብሰባውን በጸሎት እንዲዘጉልን ነበር።

«ሸጋ ተናገርሽ ልጄ» አሉ። «ግና ይኸን ንጉሥ ከየት አመጣሽው?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

«እኛ ንጉሥም አላየን። ያጣነው ቁምጣ ነው።»

ቁምጣ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአይከል ቡድን ጋር ግጥሚያ ተያዘ። የአይከል ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ አሰፍተዋል ተባለ። የኛዎቹ አንዱ በሱሪ፣ አንዱ በሱሪ ቅዳጅ። የየኔታ አባት ደግሞ የእድሩ ዳኛ ነበሩና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እነሱ ቤት ነው። የኔታ ቁልፉን አመጡ፤ ልጆቹ ገቡ፣ የለቅሶውን ድንኳን አወጡ፣ አንዱን ጎኑን በመቀስ አነሡት። ለሁሉም ቁምጣ ወጣላቸው።

«አሸነፋችሁ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«በሸራ ቁምጣ ማን ይሮጣል? ጭናችን ተልጦ ተመለስን እንጂ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ማይኩ እጄ ላይ ነው! «ታዲያ እድሩ እንዴት አወቀ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጋዜጠኛ ሆኜ ሞቻለሁ።

«በሳምንቱ ሰው ሞተ። ድንኳኑ ሲተከል አንድ ጎን የለውም። ክረምት ነው፣ ዶፉ ወረደ፣ ለቀስተኛው ራሰ።»

«የማን ለቅሶ ነበር የኔታ?»

ምን አስጠየቀኝ!

«ያያትሽ። የናትሽ አባት።»

እናቴ ተነሣች። የዚያን ቀን ዝናብ ስትነግረኝ ነው የኖረችው። ከአባቷ ለቅሶ የምታስታውሰው የራሰ ነጠላ ብቻ ነው።

«እርስዎ ነዎት?» አለች። «ይኸን ሁሉ ዘመን ጉልበትዎን ስስም ኖሬ፣ እርስዎ ነዎት?»

«አበስኩ ገበርኩ፤ እኔ ነኝ ልጄ።»

አለቀልን! ከንጉሥ ድንኳን ወደ ሌባ ቁምጣ! ስሙ አሁን በገዛ እጄ ተቀበረ አልኩ በልቤ። ዓይኔ ስልኩ ላይ ሲያርፍ የአይከሉ ሰውዬ ጽፏል፦ «እንባዬን መልሺ!»

የኔታ ግን አልጨረሱም።

ከዚያ ለቅሶ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቡድኑ ይፍረስ ተባለ። ያን ጊዜ አያቴ፣ የሟች ሚስት፣ ከነጥቁር ልብሷ መጥታ «ልጆቹን አትበትኑብኝ» አለች። «ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑን እነሱ ይትከሉ። እንዳይረሱትም ስማቸው ድንኳን ይሁን። ማን እንደቀደደው ግን ለልጅ አይነገር፤ ቂም ይሆናል።»

ስሙን ያወጣችው አያቴ ናት!

እስከ ዛሬ ሰፈራችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉት ተጫዋቾቹ ናቸው። የጨዋታ ቀን እንኳ ሳይቀር። ልማድ ብቻ ይመስለን ነበር።

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቀጥሎ የተነሣው ዳዊት ነው፤ የኤርፖርት ሲቲው።

«አባቴ የሞተ ለት ምሰሶ ላነሣ ስል ልጆቹ ነጠቁኝ» አለ። «‹ያንተን ዛሬ እኛ እንይዛለን፤ አንተ አልቅስ› አሉኝ።» ወደ ሰዉ ዞረ። «ስሙ ይቆይ።»

አለቀስኩ። በላይቭ፣ ከነማስካራዬ።

እጅ ወጣ፤ ስሙ ጸና። እናቴም እጇን አወጣች። የኔታን ግን «ለአባቴ ጸሎት ሳያደርሱ አልለቅዎትም» አለቻቸው። «ሸጋ አድርጌ!» አሉ።

ደስ ብሎኛል ስላችሁ ከልቤ ነው። እኔ ለዚህ ስም ንጉሥ ስፈልግለት ስከርም፣ ያወጣችው ሴትዮ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በፎቶ ተሰቅላ ታየኝ ነበር።

አሁን ወደ ቅጣቴ እንምጣ።

የኔታ ሊባርኩ እጃቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት። «እኛ ሸራ ብንቀድ ተቀጣን። ይች ንጉሥ የፈጠረችውስ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ፍርዱን ማን ቢሰጥ ጥሩ ነው? የገዛ እናቴ!

«ትትከል» አለች።

ይኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ከልጆቹ ጋር ድንኳን ተካይ ነኝ። ዳዊት እዚያው ግቢ ውስጥ አለማመደኝ። የመጀመሪያውን ካስማ ስመታ አውራ ጣቴን መታሁት፤ ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ እጅ ነው።

ትምህርቱ? ታሪክ ከመጻፋችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ። እሷም ካላወቀች ማይኩን አስቀምጡና ቁጭ በሉ!

ወይስ እንደኔ ላለችው ከማይክ መዶሻ ይሻላታል ትላላችሁ?