ሞተር የሚያዳምጡት ጋሽ ታደሰ

በምዕራብ ሐረርጌ መኪና የሚገዛ ሰው ብቻውን አይገዛም። ብሩ የራሱ ይሁን እንጂ ጆሮው የሌላ ሰው ነው። በየከተማው አንድ ሰው አሉ፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እሳቸው ሳይናገሩ ሻጭ ዋጋ አይጠራም፣ ገዢም ኪሱን አይነካም። ሂርና የራሷ አላት፣ በደሳም የራሷ። ቦኬ ሁለት አሏት ይባላል፤ ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። የሁሉም የበላይ የጭሮው ናቸው፤ ክቡር ሊቀ ሞተር፣ የናፍጣ መምህር፣ የፖምፓና የኖዝል ንስሐ አባት ጋሽ ታደሰ።

ጋሽ ታደሰ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብስክሌት እንኳ የላቸውም፤ ይህ ግን ክብራቸውን አልነካውም። ከቤታቸው ወጥተው መናኸሪያ እስኪደርሱ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ይመረመራል። ጎማውን በእግራቸው ገፋ ያደርጋሉ፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ ጣታቸውን ከተው ጥላሸቱን ያዩና ማንም ሳይጠይቃቸው «ዘይት ትበላለች፣ ቶሎ ሽጣት» ብለው ያልፋሉ። ባለ መኪናው የዚያን ቀን ምሳ አይበላለትም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን የሚሰብኩት ናፍጣን ነው። «ቤንዚን እንግዳ ነው፣ ናፍጣ ዘመድ ነው» ይላሉ። «ቤንዚን በልቶ ይሄዳል። ናፍጣ አይከዳም።» ስብከታቸው ከመናኸሪያው አልፎ መስጊዱ በር ድረስ ተሰምቷል፤ ያመኑም ብዙዎች ናቸው።

አንድ ጠባይ ነበራቸው። «ጋሽ ታደሰ፣ ይህቺ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የሚያገኘው መልስ «ሚሌ በረሃ ላይ ፍሬን እምቢ ያለኝ ጊዜ» ብሎ ይጀምርና ለግማሽ ሰዓት ይዘልቃል። ጠያቂው የጠየቀውን ባያገኝም ከዚያ የሚበልጥ ነገር የሰማ መስሎት ተደስቶ ይሄዳል። የተጠየቀውን የማይመልስ ሰው በእኛ ዘንድ ሊቅ ነው።

በድሪ ካመኑት አንዱ ነው። ከበደሳ ሽንኩርትና ድንች እየጫነ ጭሮ ገበያ በሚያራግፍበት አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ልክ ለመናገር ፒካፑ በእሱ ኖሯል። ማደያው ቤንዚን ሲያልቅበት ከጀሪካን ነጋዴ በእጥፍ ይገዛል፤ ያንን ለመሙላት ሽንኩርቱን ይሸጣል፣ ሽንኩርት ለማምጣት ደግሞ እንደገና ይሞላል። ሚስቱ ረዲያ «ይህቺ መኪና ሁለተኛ ሚስትህ ናት፤ ቀለቧ ከእኔ ይበልጣል» ትለው ነበር።

በመጨረሻ ሸጠው። ረዲያ የኒካህ ወርቋን ጨመረችበት። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ግን ነዳጅ የማታባክን የናፍጣ ፒካፕ ሊገዙ ነው። ነገሩ ካልሰመረ በድሪ ወደ ልጅነት ሥራው ይመለሳል፤ ያም በሰው መኪና ላይ ጆንያ መጫንና ማውረድ ነው። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው፣ ወገቡ ግን ስልሳ ሞልቶታል።

ሂርና ላይ ሚፍታህ የሚባል ሰው ባለ ነጠላ ጋቢና የናፍጣ ፒካፕ ይሸጣል ተባለ። ሐሙስ ጠዋት በድሪ ጋሽ ታደሰን ይዞ ሄደ። ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን ለብሰው፣ ካቻቢቴያቸውን በደረት ኪሳቸው ሰክተው ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ ደረሱ። የሂርና ሰውም ዝናቸውን ሰምቷልና ሊያያቸው ተሰበሰበ።

ሲጀምሩ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። «ቀዝቃዛ ናት። ጥሩ። ሞተር የሚመረመረው በባዶ ሆዱ ነው» አሉ።

ሚፍታህ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። በድሪ ከጉርምርምታው ሥር አንድ ነገር ሰማ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል፣ በዝግ ቤት ውስጥ ሰው በር የሚያንኳኳ የሚመስል ድምፅ። ጋሽ ታደሰን አያቸው። ካቻቢቴው ጆሯቸው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ፊታቸው ላይ ቅዳሴ የሚሰማ ሰው ሰላም አለ። በድሪ እሳቸው ካልሰሙት የለም ብሎ ራሱን ገሠጸ።

በዚህ መሃል ከኋላ ጫት የጫነ መኪና እየከነፈ መጣ። የጫት መኪና ለማንም አይቆምም፤ ጥሩንባውን እያስጮኸ ሲደርስ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ ዳር ዘለለ። ጋሽ ታደሰ አልተነቃነቁም። ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው እንደጎነበሱ ቀሩ። በድሪ በኮታቸው ጎትቶ ሲያወጣቸው መኪናው እጅጌያቸውን ሊነካ አንድ ስንዝር ነበር የቀረው።

ቀና ብለው መጀመሪያ የራቀውን መኪና፣ ቀጥሎ በድሪን አዩ። ዓይናቸው ውስጥ ያየው ነገር ድንጋጤ አልነበረም፤ የተያዘ ሰው እፍረት ነበር። በድሪ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው። የሠላሳ ዓመት ናፍጣ ጆሯቸውን ወስዶታል። ሰው ሲጠይቃቸው ሚሌ በረሃ የሚሄዱት ጥያቄውን ስለማይሰሙት ነው።

«እህ፣ ኦቦ ታደሰ፣ እንዴት አገኟት?» አለ ሚፍታህ።

ጋሽ ታደሰ የሚፍታህን ከንፈር አዩ፣ ከዚያ በድሪን አዩ፣ ከዚያ በቀስታ «ንግሥት ናት» አሉ።

እዚህ ላይ ቀላሉ ነገር «ሌላ መካኒክ ይይልን» ማለት ነበር። አምስት ቃል አይሞላም። ግን ጋሽ ታደሰን ያህል ሰው ይዞ መጥቶ፣ በሂርና ሰው ሁሉ ፊት ሌላ መካኒክ መጥራት ሽማግሌን ገበያ መሃል ልብስ ማስወለቅ ነው። ደግሞ በድሪን መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አባቱ በሞተበት ዓመት፣ በነፃ፣ ማርሽ ባስጮኸ ቁጥር «አይዞህ፣ እሷም ትማራለች» እያሉ። በድሪ የረዲያን ወርቅ አሰበ። የእኚህን ሰውዬ ዓይንም አሰበ።

«ጋሽ ታደሰ ካሉ አልቋል» አለ።

እጅ ተመታ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሊብሬው ተፈረመ።

ችግሩ ወደ ጭሮ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፤ ቀጥሎ የራዲያተሩ ውሃ ፈልቶ ኮፈኑ ሥር ፏ አለ። ጋሽ ታደሰ ሚሌ በረሃ ደርሰው ነበር፤ እንፋሎቱን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። በድሪ በሕይወቱ እሳቸው ታሪክ ሳይጨርሱ ሲያቆሙ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። በገመድ ተጎትተው ጭሮ ገቡ፤ ከተማው ቆሞ አያቸው።

የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል፣ ፒስተኖቹ አልቀዋል አለ ባለ ጋራዡ ደረጀ። ረዲያ አልጮኸችም። ልብስ እያጠፈች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «አንተስ ራስህ ምንም አልሰማህም?»

«ሰምቼ ነበር።»

ያጠፈችውን ልብስ ሣጥን ውስጥ ከተተች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ትልቅ ሰው አጠገቡ ሲቆም የገዛ ጆሮውን የሚያምን የለም፤ እሱም አላመነም፣ ዋጋውን ግን የከፈለችው ረዲያ ናት።

አራት ወር ፒካፗ ደረጀ ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ ቆመች። በእነዚያ አራት ወራት አንዲት ጠብታ ናፍጣ አልጠጣችም፤ ቁጠባ ከተባለ ከዚህ በላይ ቁጠባ የለም። በድሪ ጠዋት ጠዋት በሰው መኪና ላይ ጆንያ ይጭናል፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ለደረጀ ቡሎን ይፈታል፤ ለሠራተኛ የሚከፍለው አልነበረውምና በራሱ እጅ መሥራት ነበረበት። የታመመ ሞተር እንዴት እንደሚያጉረመርም፣ ያለቀ ፒስተን እንዴት እንደሚያንኳኳ ያወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ደረጀ የሰው መኪና ባስነሳ ቁጥር «ይሄ ምንድን ነው?» ይለዋል፣ በድሪም ሳያይ ይመልሳል።

ጋሽ ታደሰ በየቀኑ ይመጡ ነበር። የማንም እጅ ያልነካውን የመፍቻ ሣጥናቸውን ተሸክመው መጡና በድሪ እግር ሥር አስቀመጡት። የጠርሙስ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው መፍቻ ያቀብላሉ። አይሰብኩም፣ ሚሌም አይሄዱም። በድሪ አንዳንዴ ይናደድባቸዋል፤ በተለይ ወገቡ ሲያምመው ሊያያቸው አይፈልግም። አንድ ቀን ሳይመጡ ሲቀሩ ግን ሥራው አልያዝ አለው፤ ሦስት ጊዜ በሩን አየ።

በማግስቱ መጥተው እንደተቀመጡ ድንገት «በድሪ» አሉ። «ሞተሯን አልሰማኋትም።»

«አውቃለሁ ጋሽ ታደሰ።»

አልሰሙትም። ራሱን ነቀነቀላቸው።

«ጆሮዬ ከከዳኝ ስድስት ዓመቱ ነው። አንዳንዱን በእጄ እለየው ነበር። እጄም ከዳኝ። ታዲያ አንተ እያወቅህ ለምን ገዛሃት?»

በድሪ በጨርቅ እጁን እየጠረገ መልሱን ተናገረ። በለሆሳስ ነበርና፣ ከንፈሩም ወደ ሞተሩ ዞሮ ስለነበር እሳቸው ጋ አልደረሰም። እንዲደርስም አልፈለገም። ሰው የሚወደውን ሰው እንደሚወደው ሲናገር የሚያፍርበት አገር ነው።

ፒካፗ በአምስተኛው ወር ተነሳች። አሁን በእውነትም ነዳጅ አታባክንም፤ የረዲያን ወርቅ ለመመለስ ግን የብዙ ዓመት ሽንኩርት ይፈልጋል። የጋሽ ታደሰን ነገር በድሪ ለማንም አልተነፈሰም። ሰው የሂርናውን ጉዳይ የዕድል ጉዳይ አደረገው፤ ዕድል ደግሞ በጭሮ የማትሸከመው ጥፋት የለም።

ከዚያ ሣህሊቱ የምትባል ዱቄት ነጋዴ መጣች። በደሳ ላይ ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ አይታለች፤ ወፍጮ ቤቷን አስይዛ ልትገዛ ነው። ጋሽ ታደሰ ካልሰሙልኝ አልገዛም ብላ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው። እሳቸው ከንፈሯን ሲያነቡ ቆይተው እምቢ ማለት አቃታቸው። በድሪ ወሬውን የሰማው መናኸሪያ ነው። ቢናገር ሰውዬው የቀራቸውን ያጣሉ። ዝም ቢል የሴትዮዋ ወፍጮ ይሄዳል። የራሱን ኪሳራ መሸከም አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ወፍጮ ደግነት መሥራት ግን ደግነት አይደለም።

«በእኔ መኪና እንሂድ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ» አላት።

በደሳ ደረሱ። ኮፈኑ ተከፈተ፣ ሰው ከበበ፣ ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ታደሰ ካቻቢቴውን አወጡ። በድሪ ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ አወረደና ከጎናቸው ቆመ። በከብት ገበያ ሻጭና ገዢ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋጋውን በጣት ይነጋገራሉ፤ ዙሪያውን የቆመ ሰው ያያል እንጂ አይሰማም። በድሪ ግራ እጃቸውን በፎጣው ሸፍኖ ያዘ። ከዚያ አዳመጠ። ሞተሩ ባንኳኳ ቁጥር መዳፋቸውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፤ ጫን፣ ጫን፣ ዝም፣ ጫን።

የጋሽ ታደሰ እጅ መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ጸና። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ፒስተኗ አልቋል» አሉ ቀና ብለው። «ሣህሊቱ፣ ይቅርብሽ። ወፍጮሽን አትንኪ።»

ሻጩ ተሟገተ፣ ማለ፣ በመጨረሻም አቀርቅሮ ኮፈኑን ዘጋ። ሣህሊቱ ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ ከለከሏት። በድሪ ወደ ራሱ ፒካፕ ሲያመራ እጁን ሊወስድ ቢል አለቀቁትም፤ እጃቸው በፎጣው እንደተሸፈነ ገበያውን አብረው አቋረጡ።

«ዛሬ ደህና ሰማሁ» አሉት ጋሽ ታደሰ።