ትንሿ የቤት ሥራ

የቴክኖሎጂው ዘርፍ ለልምድ ያለው ክብር እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ልምድ ያለውን ሰው ደፍሮ አይነካውም። ሌላው መሥሪያ ቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲያገኝ ዝም ብሎ ይቀጥረውና እስከ ጡረታው ድረስ ያደክመዋል። ይህኛው ግን ሰው አክባሪ ነው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያርፍ ያደርገዋል። የዚህ ክብር ተቋዳሽ ከሆኑት አንዱ፣ ጓደኞቹ «አንጋፋው» እያሉ የሚጠሩት ዲዛይነር ነበር። ሰዎች ስልካቸውን ሲከፍቱ የሚያዩትን ገጽ፣ የሚጫኑትን ቁልፍ፣ የሚያነቡትን ፊደል መልክ ሲያስይዝ ግማሽ ዕድሜውን ፈጅቷል። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ «ራሳችንን እናድሳለን» ብሎ በተነሳ ጊዜ እድሳቱን ከእሱ ወንበር ጀመረ።

አንጋፋው መጀመሪያ ላይ አልደነገጠም። «የእኔን ሥራ ያየ ሰው በር ይዘጋብኛል?» ብሎ ማመልከቻ መበተን ያዘ። እውነትም በር የዘጋበት ሰው አልነበረም፤ የሚዘጋው ማሽን ነው። «ማመልከቻዎ ልባችንን ነክቶታል፤ ሆኖም…» የሚለው መልስ፣ ገና ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሳያነሳ ይደርሰዋል። አንዱ ድርጅት ልምድህ በዛብን አለው፤ በማግስቱ ሌላው ልምድህ አነሰን አለው።

«ሁለቱን ብታስታርቃቸው መሃል ላይ አንድ ሥራ አይገኝም?» አለች ሚስቱ።

ሚስቱ ነርስ ናት። እሱ ሥራ ከፈታ ወዲህ በቀን ተራዋ ላይ የማታ ተራ ደርባ እግሯ አብጦ ነው የምትገባው። ሥራ ያገኘ ዕለት የማታውን እንደምትተው ቃል ገብቶላታል። እሷም ቃሉን «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ተቀብላዋለች። አንጋፋው ያበጠውን እግር ባየ ቁጥር ተነስቶ ሌላ ማመልከቻ ይልካል።

አንድ ቀን፣ በስልክ የታዘዘን መድኃኒት እስከ ሰው ደጃፍ የሚያደርስ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራው። ክፍሉ በመስታወት የታጠረ ነው። በወንበር ፋንታ ሰው ሲቀመጥበት የሚሰምጥ ትልቅ ትራስ አለ። ግድግዳው ላይ «እኛ ቤተሰብ ነን» ተብሎ ተጽፏል። አንጋፋው ትራሱ ውስጥ ጉልበቱ አገጩ እስኪደርስ ሰምጦ ሳለ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን አንዲት የሠራተኞች ደስታ አስተባባሪ መጣች።

«እዚህ አንቱ መባባል የለም። ሁላችንም አንተና አንቺ ነን» አለችው።

«ደግ።»

«ለምን እኛ ጋ መሥራት ፈለግህ?»

«ሥራ ስለሌለኝ።»

ፈገግታዋን ሳትቀንስ «ስሜት ይጎድለዋል» ብላ ጻፈች።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?»

«በዚህ አያያዛችን እዚሁ ትራስ ላይ።»

«ተጫዋች ነህ» አለችና ይህንንም ጻፈችው።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ የተደረገው የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደነበረ ለመጠየቅ ነው። በሚቀጥለው ደግሞ ጠያቂው ካሜራውን አጥፍቶ ምሳውን ሲያላምጥ ይሰማ ነበር። ይህን ሁሉ የሚከታተሉት አማቱ፣ ቤተሰቡ እቴቴ የሚላቸው፣ በጣም ተገረሙ።

«ልጄን ስሰጥህ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቅሁህም» አሉት። ትንሽ አሰቡና «መጠየቅ ነበረብኝ መሰለኝ» ብለው ጨመሩበት።

ታላቁ ምዕራፍ የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። አስተባባሪዋ ደወለችለትና የምሥራቹን ነገረችው። ከብዙ ሺህ አመልካች መካከል ተመርጦ ለትንሿ የቤት ሥራ ደርሷል።

«ትንሽ ናት፤ ሁለት ሰዓት ብትፈጅብህ ነው። አፓችንን በሙሉ እንደ አዲስ ሥራው።»

«በሙሉ?»

«አስተሳሰብህን ለማየት ብቻ እኮ ነው። ምንም አናደርግበትም።»

የድርጅቱ የአሠራር ጥበብ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ተራ ድርጅት አንድ ሠራተኛ ቀጥሮ አንድ ሥራ ያሠራል፤ ይህኛው አንድም ሳይቀጥር አመልካቹን ሁሉ ያሠራል።

ሁለቷ ሰዓት ሳምንታት ወለደች። አንጋፋው ሥራውን የጀመረው እቴቴን በማየት ነው። እቴቴ የግፊት መድኃኒታቸውን የሚያዙት በዚሁ አፕ ነበር፤ ፊደሉ ከማነሱና ከመደብዘዙ የተነሳ ስልኩን አንዴ አፍንጫቸው ላይ፣ አንዴ ክንዳቸው እስከሚደርስበት እያራቁ ይታገሉታል። ባለፈው የራሳቸውን ኪኒን ያዘዙ መስሏቸው የሕፃን የሳል ሽሮፕ መጥቶላቸዋል። ብልሽቱን የራሳቸው ጥፋት አድርገው «ዓይኔ ነው፣ እኔ ነኝ» እያሉ ሽሮፑን ደብቀው አስቀመጡት። አንጋፋው ይህን ሲያይ ተናደደ፤ ሥራ ፈላጊነቱን ረስቶ እንደ ድሮው ሥራው ላይ አቀረቀረ። ፊደሉን አጎላው። አሥር ቁልፍ የነበረበት ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ አስቀረ። የናሙና ትእዛዝ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ሲመጣም፣ የዲዛይነር ደንብ ነውና አፉ ላይ የመጣለትን ሞላበት፦ «ለእቴቴ፣ የግፊት ኪኒን፣ ከእራት በኋላ።»

ያቀረበ ዕለት የተጠቃሚ ርኅራኄ ዋና መሪ የተባለው የክፍሉ አለቃ ሳይቀር ተገኘ። ሁሉም አጨበጨቡ። «ቤተሰባችን ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር አይተን አናውቅም» አለ አለቃው፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ። ፋይሉን ከነሙሉ ዝርዝሩ እንዲልክላቸው ጠየቁት፤ ላከላቸው። ከዚያ ዝም። ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። ቆይቶ ቆይቶ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። «በሌላ አቅጣጫ ለመሄድ ወስነናል» ይላል።

ሚስቱ ጫማዋን እያሰረች «በየትኛው አቅጣጫ?» አለች።

«አልነገሩኝም።»

አቅጣጫው ከጥቂት ወራት በኋላ ታወቀ። እቴቴ አንድ ጠዋት ስልካቸውን ይዘው እየሳቁ ከክፍላቸው ወጡ። ያለ መነጽር ያነባሉ። ፊደሉ ጎልቷል፤ ቁልፉ አንድ ነው። ከላይ ደግሞ፣ የከተማው ሕዝብ በሙሉ አፑን ሲከፍት በሚያየው ቦታ፣ «ለእቴቴ፣ የግፊት ኪኒን፣ ከእራት በኋላ» ይላል። ሥራውን የወሰዱት ሰዎች የናሙናውን ጽሑፍ እንኳ ለማጥፋት ጊዜ አላገኙም ነበር።

«በስሜ ይጠሩኛል» አሉ እቴቴ። «ከእራት በኋላ መሆኑን ሁሉ ያውቃሉ።»

አንጋፋው እቴቴ እንዲህ ሲስቁ ካየ ቆይቶ ነበርና ሥራው የእሱ መሆኑን ለሚስቱ እንጂ ለእሳቸው አልነገራቸውም። በዚያው ሳምንት ድርጅቱ «ተወዳጁን አዲስ ገጽታችንን የሚያሳድግ ልምድ ያለው ዲዛይነር እንፈልጋለን» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ።

«ሂድ» አለችው ሚስቱ። «የገዛ ሥራህ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ሊጠይቁህ ነው?»

ሄደ። ትራሱ እንዳለ አለ። አስተባባሪዋ ተቀይራ ሌላ አስተባባሪ ተቀምጣለች። አለቃው የድሮውን እንግዳ አላወቀውም፤ ያቀረበውን ሥራ እያገላበጠ ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ይህ ሥራ ከእኛ አፕ ጋር በጣም ይመሳሰላል።»

«አይመሳሰልም። እሱው ራሱ ነው። የሰጣችሁኝ የቤት ሥራ ነው።»

«ወንድሜ፣ ድርጅታችን ኩረጃን አይታገስም» አለ አለቃው በሐዘን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለውን አባባል በዚህ ቋንቋ ሲተረጎም መስማት የሚቻለው ትልልቅ ቦታ ብቻ ነው።

«ይህችን እቴቴ ከየት አመጣችኋት?» አለ አንጋፋው፣ የስልኩን ማያ እያሳየ።

«እቴቴ በሰፊ ጥናት የደረስንባት ምናባዊ ተጠቃሚ ናት። ብዙ ደክመንባታል። በጉባኤ ላይ ስለእሷ ንግግር አድርጌያለሁ።»

«እቴቴ አማቴ ናቸው። አሁን ቤት ሽንኩርት እየላጡ ነው።»

አለቃውና አስተባባሪዋ ተያዩ። አንጋፋው እውነት መንገዷን ያገኘች መሰለው፤ እንዲያውም ከትራሱ ለመነሳት መታገል ጀምሮ ነበር።

«አማትህ የአፑ ተጠቃሚ ናቸው?» አለች አስተባባሪዋ።

«አዎ።»

«ስማቸውም ገጻችን ላይ አለ?»

«አዎ።»

አለቃው እፎይ ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። «እንግዲህ የጥቅም ግጭት አለ» አለ። «የተጠቃሚያችን የቤተሰብ አባል ሆነህ ሳለ ልንቀጥርህ ሕጋችን አይፈቅድም። ይቅርታ፣ በእኛ ዘንድ ግልጽነት ከሁሉ በላይ ነው።» እስከ በሩም ሸኘው፤ ሰው አክባሪዎች ናቸው።

አንጋፋው ቤቱ ሲደርስ ጀምበር እየጠለቀች ነበር። ሚስቱ ለማታው ተራ ለመውጣት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያበጠ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ታስገባለች። ቀና ብላ አየችው፤ ሁሉንም ከፊቱ አነበበችና ማሰሪያዋን ጠበቅ አደረገች። እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ ወጣች።

እቴቴ ግን ስልካቸውን ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ። መድኃኒቱ ያለ ስህተት መጥቶላቸዋል።

«ሰማህ ልጄ» አሉት፣ ማያውን በፍቅር እየዳበሱ። «ዲዛይን ማለት እንዲህ ነው። ይህን የሠራው ሰው እናት አለችው፤ ያስታውቃል።»

«ይሆናል፣ እቴቴ።»

«ኮርተህ ቤት አትቀመጥ። ሰውየውን ፈልገህ አግኘውና እግሩ ሥር ቁጭ ብለህ ተማር» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንተም እንደሱ ስትችል ይቀጥሩሃል። ልጄም ማታ ማታ ቤቷ ታድራለች።»