ከጎረቤት ቡፌ አንድ ስንዝር

ቡፌ ሲያሠሩ መጀመሪያ ምን ይለካል? "የራስ ግድግዳ" የሚል አንባቢ ካለ፣ ሆሳዕና ኖሮ አያውቅም። እኛ ዘንድ የሚለካው የጎረቤት ቡፌ ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ሎምቤቦ አናጺውን ይዘው የመጡት እኔ ቤት ነው። ቡፌዬን በሜትር አስለኩና እዚያው እኔ ፊት፣ "ከዚህ አንድ ስንዝር ይብለጥልኝ" አሉት።

"ጋሼ፣ የእርስዎን ግድግዳስ አንለካም?" አላቸው አናጺው።

"ግድግዳው የኔ ነው፤ የት ይሄዳል?"

ቡፌው ለመስቀል ደረሰ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ተሸክሞ ሲያስገባው የሳሎኑን መስኮት ግማሹን ዋጠው። እንኳን ደስ ያለዎት ልንል ብንሄድ፣ ጋሽ ሎምቤቦ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተው ተቀምጠዋል። ያዘኑ መሰላችሁ?

"ብርጭቆ የሚያምረው በአምፖል ነው" አሉን።

እስከ ቤታችን ስስቅ መጣሁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ሳሎን ገብታ ቡፌያችንን ትክ ብላ አየችውና "አነሰ" አለች።

እውነትም አንሷል። በማግስቱ አናጺውን ጠርቼ፣ የጋሽ ሎምቤቦን ቡፌ ለክቶ አንድ ስንዝር እንዲጨምርበት አዘዝኩት።

"የእናንተን ግድግዳስ?" አለኝ።

ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ግድግዳው የኔ ነው፤ የት ይሄዳል?